ቧንቧው ሲከፈት

ድንቡሼ የቧንቧ ድምፅ ሲሰማ ይሸናል። ያስተማረችው እናቱ ናት፤ የተማረ ዕለትም ጎረቤት እስኪሰማ እልል ብላለች።

ድንቡሼ እውነተኛ ስሙ አይደለም። ሲወለድ ጉንጩም ጭኑም ሙሉ ስለነበር አባቱ እንዲህ ብሎ ጠራው፣ በዚያው ቀረ። አባትየው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሲመጣ ልጁን ወደ ላይ ይወረውራል፣ ይቀልባል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሄዳል። እናትየው በአንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ስትተኩስ ትውላለች። ልጁን የሚይዝላት ከሥራ ቦታዋ ጀርባ ያለው የሕፃናት ማቆያ ነው። እሱ ባይኖር ሥራ የለም፤ ሥራ ባይኖር ደግሞ የባሏን መምጫ እየጠበቁ መኖር ነው።

አንድ ጠዋት የማቆያው ኃላፊ በር ላይ ጠበቀቻት። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት።

«የኔ እህት፣ ልጅሽ አድጓል። ትንሹ ክፍል ለሚድሁት ነው። አሁን ወደ ትልቁ ክፍል ማለፍ አለበት።»

«ይለፍ እንጂ! ደስ ይለኛል።»

«ትልቁ ክፍል ውስጥ ዳይፐር የለም። ወሩ እስኪያልቅ በሱሪው ላይ መሽናት ካቆመ ያልፋል። ካላቆመ ቦታውን የሚጠብቁ ብዙ ናቸው።» ፈገግ አለች። «ሕጉ ነው እንጂ እኛማ ልጆችን እንወዳለን።»

ያን ሰሞን አማቷ ዓይኗን ልትታከም መጥታ እቤት ነበረች። ነገሩን ስትሰማ ጋቢ እንደሚያጥፍ ሰው እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈችና፣

«ታዲያ ምን ያስጨንቃል? ለኔ ስጪኝ» አለች። «ስመለስ ይዤው እሄዳለሁ። እኔ ያሳደግኋቸው ሁሉ ዳይፐር የሚባል ሳያውቁ ነው ያደጉት። ባልሽም ከነዚያው አንዱ ነው፣ ሱሪው ላይ ሲሸና አይተሽዋል?»

«እማማ፣ ልጄን አልሰጥም።»

«ማቆያው ሲያባርረውስ? አንሶላው ላይ አስተኝተሽ ልትተኩሽው ነው?»

ለባሏ ስልክ ደወለች። ከመኪናው ሞተር ጩኸት ጋር እየታገለ፣ «እናቴ እውነቷን ነው» አላት። «ማቆያው እምቢ ካለ እሷ ታሳድገው። አንቺም ትገላገያለሽ።»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አለች በልቧ። ትገላገያለሽ የሚለው ቃል ግን ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ልጅ ከሆድ ሲወጣ ነው የሚገላገሉት፤ ሁለት ዓመት ካሳደጉት በኋላ መገላገል ምን ማለት ነው?

በነጋታው ዳክዬ የሚመስል ሰማያዊ ፖፖ ገዝታ መጣች። ድንቡሼ እንደ ዳኛ ተጎልቶበት ግድግዳውን ያያል። ዘፈነችለት፤ አብሯት ዘፈነ። ተረት ነገረችው፤ ሌላ ድገሚ አለ። ተነሥቶ ሱሪው ከተጎተተለት በኋላ ምንጣፉ መሐል ቆሞ ይለቀዋል።

«የዘንድሮ ልጅ ብልጥ ነው» ትላለች አማቷ። «መቀመጫውን አከበረልሽ።»

አንድ ቀን እሱ ፖፖው ላይ እንዳለ እናቱ ሳፋ ልትሞላ ቧንቧውን በቀጭኑ ከፈተች። ውሃው ፈሰሰ፤ ወዲያው ከበታቹም ሌላ ድምፅ ተሰማ። ዘጋች። ቆመ። ከፈተች። ቀጠለ። እልል ያለችው ያኔ ነው። «ጎበዝ! ጎበዝ!» ብላ አጨበጨበች፤ እሱም ራቁቱን ተነሥቶ አጨበጨበ። አማቷ እንኳ ሳትወድ በግድ አጨበጨበች።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ዘዴ አልፈለገችም። ጠዋት ቧንቧ፣ ከምሳ በኋላ ቧንቧ፣ ከመኝታ በፊት ቧንቧ። ውሃው ሲንሿሿ ድንቡሼ ያለበትን ጥሎ ይሮጣል፣ ጉልበቱን እጥፍ ያደርጋል፣ ይሸናል፣ ያጨበጭባል። ጎንበስ ብላ ሱሪውን ትዳብስና፣

«ደረቅ ነህ?» ትለዋለች።

«ደረቅ!»

ሥራ ቦታም አወራችው። አብረዋት የሚተኩሱት ሴቶች በሳቅ ካውያቸውን አስቀመጡ። «አደራ ዝናብ ሲዘንብ እንዳታወጪው፣ አገር ያጥለቀልቃል!» አሏት። እሷም ሳቀች። ያልሳቀችው አማቷ ብቻ ናት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለቻት። «ልጁ የሚሸናው ሽንቱ ሲመጣ ነው ቧንቧው ሲመጣ?»

«ያው ነው እማማ።»

«ያው ከሆነ ያው ነው» አለችና ዓይኗ ላይ ጠብታዋን አደረገች።

ድንቡሼ ያለ ዳይፐር ማቆያ የዋለበት የመጀመሪያ ቀን እናቱ ልትወስደው ስትሮጥ መጣች። በሩ አጠገብ፣ ወላጆች በሚገቡበት በኩል፣ የተደፋ ቀይ ባልዲ ነበር። ድንቡሼ እሱ ላይ ተቀምጧል። ሱሪው እግሩ ላይ ተጣብቋል። የማቆያው ልማድ ነው፤ የሸና ልጅ እናቱ እስክትመጣ ልብሱ አይቀየርለትም፣ ባልዲው ላይ ይቀመጣል። የሚገቡት እናቶች አፍንጫቸውን ይዘው ዞር ብለው ያልፋሉ፤ ልጆቻቸው ግን ዞር አይሉም። «ሽንታም! ሽንታም!» ይላሉ።

ድንቡሼ እናቱን ሲያይ ፊቱ በራ። «እማ፣ ጎበዝ ነኝ?» አላት።

ሞግዚቷ፣ ሁሉ እትዬ የሚሏት ሰፊ ሴት፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። «እናት፣ ዛሬ ስንዋኝ ዋልን።»

«ቤት እኮ አንድም ቀን አያመልጠውም፣ እትዬ!»

«እንግዲህ ቤት ያለው ሌላ ልጅ ነው። መንታ ወልደሽ ነበር?»

በሩ ላይ የቆሙት እናቶች ሳቁ። በማግስቱም ባልዲው ላይ አገኘችው። በሦስተኛውም። ሁልጊዜ ያንኑ ይጠይቃታል፤ «ጎበዝ ነኝ?» መጀመሪያ እጁን ይዛው ትሄድ ነበር። በኋላ ግን ክንዱን ይዛ እየጎተተች፣ «ምኑ ነው ጉብዝናው? ሰው ፊት አዋረድከኝ!» ትለው ጀመር። እርጥቡ ሱሪ እግሩን ስለሚልጠው እየተንገዳገደ ይከተላታል። መንገድ ላይ ሰው ሲያያቸው ፈገግ ትላለች፤ ክንዱን ግን አትለቅም።

አንድ ቀን እትዬ ነገሩን ሁሉ በአንድ ቃል ቋጨችው። «እስቲ ልጁን አትፍረዱበት» አለች ለቆሙት ሁሉ። «እናቱ በዚህ ዕድሜዋ ገና ሀ ሁ ላይ ናት። ልጁ ከማን ይማር?»

መሠረተ ትምህርት መጀመሯን ለእትዬ የነገረቻት ራሷ ነበረች። በአሻራ ፋንታ በስሟ የፈረመች ዕለት፣ ደስታዋን የምታካፍለው ሰው አጥታ። አሁን እናቶቹ መሬት መሬት አዩ። እሷም ልጁን ከባልዲው አነሣችና ሄደች።

ከዚያ በኋላ ነው በዓይኗ ለማየት የቆረጠችው። አለቃዋን ለምና በምሳ ሰዓት ወጣች፤ በማቆያው ጓሮ ዞራ በማዕድ ቤቱ በኩል ባለው መስኮት አጮለቀች። ልጆቹ ለምሳ እጃቸውን ሊታጠቡ ተሰልፈዋል። ከግድግዳው ላይ ዝቅ ብለው የተተከሉ ቧንቧዎች አሉ። እትዬ በሚያምር ድምፅ እየዘፈነች እጅጌያቸውን ሰበሰበችላቸውና ከዳር እስከ ዳር ከፈተቻቸው።

ድንቡሼ ሰልፉ መሐል ነበር። ውሃው ሲንሿሿ ቀና አለ። ሱሪውን ሊያወርድ ታገለ፤ ማቆያው ለልጆቹ ሁሉ የሚያስታጥቀው ቀበቶ አልፈታ አለው። ከዚያ ጉልበቱን እጥፍ አደረገ። ሱሪው ጠቆረ። ሲጨርስ ቀጥ ብሎ ቆመና ዙሪያውን በደስታ እያየ አጨበጨበ።

ልጆቹ ጮኹ። እትዬ በአንድ ክንዱ አንጠልጥላ ወደ ባልዲው ወሰደችው። እየተንጠለጠለም ሌላ እጁን ማጨብጨቢያ ፍለጋ ያወዛውዝ ነበር።

እናቱ የመስኮቱን ብረት ጨበጠች። ልጇ አልጠፋውም፤ ያልገባቸው እነሱ ናቸው። ያስተማረችውን ነው ያደረገው፣ ያውም በትክክል፣ ያውም በየቀኑ፤ ባልዲው ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀውም ሽልማቱን ነበር።

ደስ አላት እንኳ፣ ለትንሽ ጊዜ። ነገሩ ከተገኘ መፍትሔው ቀላል ነው። በሩጫ ገባች።

«እትዬ! አገኘሁት! ቧንቧው ነው! እኔ ነኝ በቧንቧ ያስለመድኩት፣ ድምፁን ሲሰማ ይሸናል። እሱ ሲታጠብ ብቻ በጆግ ብታፈሱለት...»

እትዬ አፏን ከፍታ አየቻት። ከዚያ ወደ ማዕድ ቤቱ ዞራ፣ «ኑ! ኑ እዩ!» ብላ ጮኸች። ወጥ ቤቷ መጣች፤ ዘበኛውም መጣ። እትዬ አንዱን ቧንቧ ከፈተች። ባልዲው ላይ ያለው ድንቡሼ ቀና አለ፣ ጨመቀ፣ የቀረችውን ጥቂት ጠብታ አመጣ። ከዚያ አጨበጨበ።

ዘበኛው ግድግዳ ይዞ ሳቀ። «እንዴ፣ ይሄማ ሰርከስ ነው!»

«ድገሚው እስቲ» አለች ወጥ ቤቷ።

«እባካችሁ» አለች እናቱ።

እትዬ ደገመችው። የሚወጣ ነገር ስላልነበረ ድንቡሼ ፊቱ እስኪቀላ አማጠ። ሰዎቹ ሲስቁ እሱም ሳቀ። ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ ተደስቶበት አያውቅም።

ኃላፊዋ ድምፅ ሰምታ ከቢሮዋ ወጣች። ሁሉም ተበተኑ። የእናቲቱን ልመና እጇን አጣምራ አዳመጠች።

«በጆግ?» አለች። «የኔ እህት፣ ዛሬ ላንዱ ጆግ ከፈቀድኩ ነገ ሌላዋ ማንቆርቆሪያ ታመጣለች። ልጁን ያስለመድሽው አንቺ ነሽ፤ አስተዪው። ወሩ ሊያልቅ ነው።» የድንቡሼን ራስ በጣቷ ጫፍ ዳበሰችና ጣቷን በመሐረብ ጠረገች። «ምንኛ ደስ የሚል ልጅ ነው።»

ቤት ስትገባ አማቷ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ እያራገፈች ነበር። የዓይኗ ሕክምና አልቋል። የድንቡሼን ሁለት ሹራብ አጥፋ ከራሷ ልብስ ጎን አስቀምጣለች።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች ነገሩን ስትሰማ። «ተይ፣ አታሠቃዪው። ይዤው ልሂድ። እኛ ዘንድ ቧንቧ እንኳ የለም፤ ይረሳዋል።»

«ሹራቦቹን ይመልሱ፣ እማማ።»

ድንቡሼን ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች። መጀመሪያ በደግነት ጀመረች። ሱሪውን እንዳስለበሰችው ፊት ለፊቱ ተንበረከከች፤ «አሁን ውሃው ይመጣል፤ አንተ ግን አትሸናም። እሺ? አይሸናም!» አለችው። እሺ አለ። ከፈተች። ሸናና አጨበጨበ። እጆቹን ያዘችው። «አይጨበጨብም!» ጨዋታ መስሎት ሳቀ። እንደገና ውሃ አጠጣችው፣ ጠበቀች፣ ከፈተች። ሸና። ሳቀ።

ያ ሳቅ ነው ያሳበዳት። እዚያ ቀይ ባልዲ ላይ የሳቀው ሳቅ ነው። ጭኑን፣ ያንን አባቱ ስም ያወጣለትን ሙሉ ጭን፣ ቆነጠጠችው።

ድንቡሼ ወዲያው አላለቀሰም። የተቆነጠጠውን ቦታ አየ፣ ጣቷን አየ፣ ፊቷን አየ። ልቅሶው የመጣው ፊቷን ካየ በኋላ ነው።

«በሩን ክፈቺ!» አለች አማቷ ከውጭ።

«እያስተማርኩት ነው።»

«ልጅ ነው እንጂ በቅሎ አይደለም!»

«እርስዎ ሊወስዱት አይደል የፈለጉት? እንግዲያ ይተዉኝ!»

ቧንቧውን ከፈተች። ሸና። ቆነጠጠችው። የማጠቢያ ባልዲዋን ደፋችና እሱ ላይ አስቀመጠችው፤ በእርጥብ ሱሪው፣ ሲሚንቶው በሚቀዘቅዝበት ጥግ። እትዬ ታደርገው የነበረውን ሁሉ አደረገች። እትዬ ስታደርገው ግፍ ነበር። እሷ ስታደርገው ለልጇ ስትል ነው፤ እንዳይወሰድባት፣ እንዳይሳቅበት። ከፈተች። ዘጋች። ከፈተች። በመሐል እያለቀሰች ጉንጩን ትስመዋለች፤ ከዚያ እጇን ወደ ቧንቧው ትሰዳለች።

በሩን ስትከፍት አማቷ ደጁ ላይ ቆማ ነበር። ልጁን ተቀበለቻት፣ እርጥቡን አወለቀችለት፣ በምድጃ ባሞቀችው ውሃ እግሩን በጨርቅ አበሰችው፤ ቧንቧ አልነካችም። በጭኑ ላይ የቀሉትን ቦታዎች ስታይ ዓይኗ ያልዳነ ይመስል አጠገባቸው ድረስ ጎንበስ አለች። በሹራቧ ጠቅልላ አቀፈችው። ድንቡሼ እዚያው እንቅልፍ ወሰደው።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሌላውም ቀን። ከዚያ አንድ ጊዜ ቧንቧው ተከፍቶ ድንቡሼ አልሸናም። ሁለት እጁን ሱሪው ፊት ላይ ጭምቅ አድርጎ ጥርሱን ነክሶ ቆመ። እናቱ ዳበሰችው።

«ደረቅ ነህ?»

«ደረቅ» አለ በሹክሹክታ።

«ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ጌታ!» አለችና አጨበጨበች። ጥፊ የመጣ መስሎት ዓይኑን ጨፈነ።

በወሩ መጨረሻ ኃላፊዋ ራሷ ልታይ መጣች። እናቱም በሩ ላይ ቆመች። እትዬ ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፈተች። ልጆቹ ገና ሳይሸና «ሽንታም» ማለት ጀምረው ነበር። ድንቡሼ እንደ ግንድ ደርቆ ቆመ። እጁን ግን ወደ ውሃው አልዘረጋም፤ እትዬ ጎትታ በግድ አስታጠበችው። ሱሪው ደረቅ ነበር።

«አየሽ?» አለች ኃላፊዋ። «ሲፈለግ ይቻላል። ከሰኞ ጀምሮ ትልቁ ክፍል ይገባል።»

«እኔማ ሰርከሳችን በመቅረቱ ነው የማዝነው» አለች እትዬ።

እናቱ አመሰገነቻቸው። ጎንበስ ብላ ሁለቱንም እጅ ነሣች። ቀዩ ባልዲ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጧል፤ ጥፍሯን የምትበላ ቀጭን ሴት ልጅ። እናቱ አፍንጫዋን ሳትይዝ፣ ግን ዞር ብላ አለፈቻት።

ቤት ውስጥ ግን ድንቡሼ ፖፖው አጠገብ አይደርስም። ሳህን ሊታጠብ ቧንቧ ሲከፈት አልጋ ሥር ይገባል። ሽንቱን ይዞ ይውላል፤ ሆዱ እንደ ከበሮ እስኪነፋ። የሚሸናው ሲተኛ ብቻ ነው፤ ጠዋት አንሶላውን ሲያይ እናቱ ሳትነቃ በእጁ እያሸ ሊያደርቀው ይሞክራል። እናቱ ነቅታ ታየዋለች። እንዳልነቃች ትሆናለች። አንሶላ ሥራዋ ነው፤ እንዲህ ሲደርቅ ግን አይታ አታውቅም።

አማቷ የምትሄድበት ቀን ደረሰ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኟት። ሻንጣው ተጫነ። ሁለቱ ሹራቦች ቤት ቀርተዋል። አማቷ ልጁን አቅፋ ሳመችውና መሬት ላይ አቆመችው። ድንቡሼ ግን ቀሚሷን አልለቅ አለ። ፊቱን ጨርቁ ውስጥ ቀበረ።

«ና በል፣ እማማ ልትሄድ ነው» አለች እናቱ። ክንዱን ልትይዘው እጇን ዘረጋች።

ልጁ ወደ ኋላ ፈነጠረ። ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ከደነ።

«ደረቅ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «ደረቅ ነኝ፣ እማ! ደረቅ ነኝ!»

ሰዎች ዞረው አዩ። አንዱ ትኬት ቆራጭ ሳቀ። አማቷ ልጁን ቁልቁል አየችው፤ ከዚያ ምራቷን አየቻት። ዓይኗ በደንብ ድኖ ነበር።

«ይዤው ልሂድ?» አለች፣ በቀስታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልመና።

«ቦታ አግኝቷል እኮ፣ እማማ። ትልቁ ክፍል። ሰኞ ይጀምራል።»

«እሺ። በይ እንግዲህ፣ ያንቺው ነው» አለች አማቷ። የድንቡሼን ጣቶች ከቀሚሷ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀች። በእናቱ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠቻቸውና ሳትዞር ወደ አውቶቡሱ ወጣች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ከኋላዋ ተከተላት። አልተጎተተም፣ አላለቀሰም። ማዕዘኑ ላይ አንድ ሰው መኪናውን በውሃ ጎማ እያጠበ ነበር፤ ውሃው ጎማው አፍ ላይ እየተንሿሿ አስፋልቱን አጥለቅልቆታል። ድንቡሼ ቆመ። ሁለት እጁን ሱሪው ላይ ጨመቀ። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፣ ፊቱ ቀላ። ውሃውን አላየም። የሚያየው የእናቱን ፊት ነበር።

ጎንበስ ብላ ሱሪውን ዳበሰችው።

«ጎበዝ» አለችው።

አላጨበጨበም።